የሚዛኑ ሹም ሆድ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1986፣ አሰብ

እስከ ዛሬ ጉቦ በልቼ አላውቅም። ዛሬም የበላሁ አይመስለኝም።

የከባድ መኪናዎቹን ሚዛን የሚቆጣጠረው ሹም እጁ ላይ ካልተደረገለት አያሳልፍም። ባለፈው ሳምንት ራሱን ሚዛኑ ላይ አቁሜ፣ ሆዱን ከመኪናና ከተሳቢ አስበልጬ ሳልኩት። በቢሮ ማባዣ አባዝቼ ለሾፌሮቹ ሰጠኋቸው፤ እነሱም መስታወታቸው ላይ ለጥፈው እየሳቁ እስከ አዲስ አበባ ነዱ። የሳለው ማን እንደሆነ ሹሙ አያውቅም ብዬ ነበር።

ዛሬ ከሥራ ስገባ ቤታችን ውስጥ አዲስ ቬንትሌተር ይሽከረከራል።

«ማን አመጣው?» አልኳት ባለቤቴን።

«የሚዛኑ ሹም ነው የላከው። ለሠዓሊው ስጡልኝ ብሎ።»

«አሁኑኑ ይመለስለት።»

«አንተው መልሰው። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በሙቀቱ ስታለቅስ ከርማ ገና አሁን ነው የተኛችው።»

ስትነቃ እመልሰዋለሁ ብዬ ቬንትሌተሩ ፊት ቁጭ አልኩና የሚቀጥለውን ሥዕል ጀመርኩ። ወትሮ ላቤ እየተንጠባጠበ ወረቀቱን ያበላሽብኛል። ዛሬ አንድ ጠብታ አልነካውም። ሰውየው ቁርጥ እሱን መስሎ ወጣ፤ ጢሙ፣ መነጽሩ፣ የተዘረጋች እጁ ሳትቀር። ሆዱን ብቻ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ ሁለቴም ቀጭን ሆነብኝ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየችውና፣ «ምነው፣ አሞታል እንዴ?» አለችኝ።