ለአቶ ኦፕኬ ታልስማ ስለተሰጠው የመግቢያ ፈቃድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የጎብኚዎችና የደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነትና ባልተቋረጠ እንቅልፍ ላይ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እንቅልፍን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ሰው ሲተኛ አንጎሉ በደም ሥሮቹ ዙሪያ በሚያልፍ ፈሳሽ ቆሻሻውን እንዴት እንደሚያጥብ የማጠና፣ በሕንፃዎ ሦስተኛ ፎቅ አምስት ዓመት በጊዜያዊ ውል የቆየሁ ተመራማሪ ነኝ። አውራ ጣት በምታክል ብርሃን አሳላፊ የላቦራቶሪ ቺፕ ላይ የሰው የአንጎልና የደም ሥር ሕዋሳት አሳድገን፣ በትንሽ ፓምፕ ፈሳሹን እንደ ልብ ምት እየገፋን፣ ቆሻሻው እንዴት እንደሚወጣና ለምን እንደሚቀር እናያለን።

አቶ ኦፕኬ ታልስማ፣ ውሃው የቆመበትን ቦይ ባለቤት ተቆጣጣሪ በሚቀጣበት በፍሪስላንድ ገጠር፣ አርባ ሁለት ዓመት የእርሻ ቦይ ሲጠርጉ የኖሩ ሰው ነበሩ። የመርሳት በሽታቸው ገና ሲጀምር ከክንዳቸው ቁራጭ ቆዳ ሰጡን፤ እኛም የቆዳውን ሕዋስ ወደ አንጎል ሕዋስ ለወጥነው። ምንም አልጠየቁም፤ "ሲያድግ ታሳዪኛለሽ?" ብቻ አሉኝ። አሳይዎታለሁ አልኩ። ጽሕፈት ቤትዎን ሳላማክር ቃል መግባቴ የራሴ ጥፋት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን ሁሉ በቅደም ተከተል ላመስግን።

፩. መጋቢት ላይ ላስገባሁት ማመልከቻ በአምስተኛው ሳምንት ስለደረሰኝ ፈጣን ምላሽ። አቶ ኦፕኬ "የናሙና ምንጭ" በመሆናቸው "ጎብኚ" ተብለው ሊመዘገቡ እንደማይችሉ ገልጸውልኛል። በተጨማሪም ናሙናው የማን እንደሆነ ለማንም እንዳይነገር ደንቡ ስለሚያዝ፣ የራሳቸው መሆኑን ለራሳቸው መንገር የግል ምስጢራቸውን መጣስ እንደሚሆን አስረድተውኛል። ሰውን ከራሱ የሚጠብቅ ጽሕፈት ቤት ስላለን ኮርቻለሁ።

፪. ይግባኜን ተመልክተው፣ አርባ ጥያቄ ያለውን የደኅንነት ፈተና ካለፉ እንዲገቡ ስለፈቀዱላቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂልቼ ኮምፒዩተሩን ከፍተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እሳት ሲነሳ በየትኛው በር እንደሚወጣ አነበቡላቸው። አቶ ኦፕኬ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያውን ረስተውታል። ሦስት ጊዜ ወደቁ። በሦስተኛው፣ ምን አጥፍተው እንደሚመረመሩ ባለቤታቸውን ጠየቋቸው። ወይዘሮ ሂልቼ ኮምፒዩተሩን ዘጉት። ነሐሴ ሲገባ ከወይዘሮ ሂልቼ ጋር ሆነን አቶ ኦፕኬን ወደ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ወሰድናቸው።

፫. ለተጻፈልኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ቺፑን በሙቀት መጠበቂያ ሣጥን አሽጌ፣ ትንሿን ማይክሮስኮፕ በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ያለ ፈቃድ በባቡር ወደ መጦሪያ ቤቱ ሄጃለሁ። ምርመራው ያልጠየቀኝ እዚያ የሆነውን ነው፤ እሱን ልጨምርልዎት።

አቶ ኦፕኬ አላወቁኝም። የማይክሮስኮፑን ስክሪን ግን ጠጋ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አረንጓዴ ያቀለምነው ቆሻሻ ዳር ዳሩን ተከማችቶ እምብዛም አይንቀሳቀስም ነበር፤ የእሳቸው ሕዋሳት ካሉን ናሙናዎች ሁሉ ቀርፋፋ ናቸው።

"ይሄ ውሃ ቆሟል" አሉ። "የማን ቦይ ነው? ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ይቀጡታል።"

ወይዘሮ ሂልቼ እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ "የኛው ነው፣ ኦፕኬ" አሏቸው።

"እንግዲያው ነገ በጠዋት እወጣለሁ" አሉና ቦት ጫማቸው የት እንዳለ ጠየቁ። ወይዘሮ ሂልቼ በር ላይ ነው አሏቸው። በር ላይ ምንም አልነበረም።

አቶ ኦፕኬ መስከረም ላይ አረፉ።

፬. ፈተናው ቀርቶላቸው፣ ጥቅምት ላይ በስማቸው ስለወጣው የመግቢያ ፈቃድ። ፎቶግራፋቸው በጥራት ታትሟል፤ ለመኪናቸውም ሕንፃው በር አጠገብ ማቆሚያ ቦታ ተይዞላቸዋል። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ያላገኘሁትን ክብር ስላገኙ አልቀናሁም።

ማስጠንቀቂያውን ፈርሜ መልሻለሁ። ለመከራከር ደክሞኛል፤ ውሌም በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። የአቶ ኦፕኬ ሕዋሳት ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እስከዚያው ምግባቸውን የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቀይርላቸው እስካሁን የነገረኝ የለም፤ ቅጽ ካለው ይላኩልኝ፣ እሞላለሁ።

በደንብዎ ፊት ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣ በማኅተምዎ ጥላ ሥር ለጥቂት ቀናት የቀረች ትሑት አገልጋይዎ፣

ዶክተር ፍሮውኬ ዴልማ

ማስታወሻ፦ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ለአቶ ኦፕኬ የላኩት የአገልግሎት እርካታ መጠይቅ ወይዘሮ ሂልቼ እጅ ደርሷል። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ሳይመልሱ ማስቀመጥ ስለማይሆንላቸው ሞልተው እንዳደርስልዎት ሰጥተውኛል፤ አባሪ አድርጌዋለሁ። ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚሰጥበትን ባዶ ትተውታል። "ምን ብናሻሽል ይወዳሉ?" ከሚለው ሥር ግን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት አንድ ቃል ጽፈዋል፦ "ፍጠኑ።"