ሦስቱን የባቡር መጻሕፍት ላነበቡልን መርማሪ

ከለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል
ሐምሌ 1978 ዓ.ም.

ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍትን ለሚመረምሩት ክቡር ጓድ
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ዓይንዎን እንደምን አድርጎልዎታል? ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሲያነቡ የከረሙት በእኔ ምክንያት በመሆኑ፣ የዓይንዎ ነገር ከራሴ ዓይን ባልተናነሰ ያሳስበኛል።

በስምዎ አለመጥራቴን ይቅር ይበሉኝ፤ በደብዳቤዎችዎ ግርጌ ያለው ፊርማ አይነበብም፣ ማኅተሙ ግን ከሩቅ ይነበባል። ይህን ደብዳቤ በእኛ በስደተኞቹ መጽሔት ላይ ያሳተምኩት ደግሞ ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በግል የጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙና የታተመ ነገር ሁሉ ያለ ጥርጥር እጅዎ እንደሚገባ ከልምድ ስለተረዳሁ ነው።

መጽሔቱን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ግራ እንዳይገባቸው ነገሩን ከመነሻው ልንገራቸው። አባቴ ከአስመራ ምጽዋ በሚወርደው መስመር ላይ ሠላሳ ዓመት የእንፋሎት ባቡር የነዳ ሰው ነው። በእንግሊዞች ጊዜ ሆብስ የሚባል እንግሊዛዊ መካኒክ አብሮት ይሠራ ነበር፤ ይህ ሆብስ አንድ ቀን በአገሬ የእንፋሎት ባቡር በሰዓት መቶ ሃያ ስድስት ማይል ሄዷል ብሎ ነገረው። አባቴ ወደ ኪሎ ሜትር ሲመልሰው ከሁለት መቶ በላይ ሆነበት። የእሱ ባቡር ዳገቱን ሲወጣ መንገደኛ ወርዶ፣ በለስ ለቅሞ፣ መልሶ የሚሳፈርበት ስለነበር ጓደኛውን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ውሸታም ቆጠረው፤ ሆብስም ሳይታረቁ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ስሰደድ አባቴ ገንዘብ ላክልኝ አላለኝም። «ሆብስ ዋሽቶ እንደሆነ አጣራልኝ፤ በወሬ ሳይሆን በመጽሐፍ» ነው ያለኝ።

ለንደን መጽሐፍ አይጠፋም። እዚህ ሰፈራችን፣ ባቡር በላዩ በሚያልፍበት ድልድይ ሥር አሮጌ መጻሕፍት የምትሸጥ አንዲት አሮጊት አለች፤ ግማሹ መደርደሪያዋ ስለ እንፋሎት ባቡር ነው። እኛ የቅዱሳንን ገድል እንደምንጽፍ እንግሊዞች የባቡሮቻቸውን ልደት፣ ተጋድሎና ዕረፍት ከነቀኑ ጽፈው አስቀምጠዋል። የእንግሊዝን የባቡር ታሪክ የሚተርክ ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ ከእርሷ ገዝቼ፣ አንድ በአንድ ለአባቴ መላክ ጀመርኩ። አቤቱታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

1ኛ. አንደኛው ቅጽ በ1975 ዓ.ም. ተወረሰ። ምክንያቱ፣ በደብዳቤዎ እንደገለጹልኝ፣ ባቡሮቹ በነገሥታት፣ በመሳፍንትና በቤተ መንግሥቶች ስም በመጠራታቸው መጽሐፉ የፊውዳል ሥርዓትን የሚያወድስ ሆኖ መገኘቱ ነው። በእንግሊዞች ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሆኖም ያው መጽሐፍ መጨረሻው ላይ፣ እነዚያ በንጉሥ ስም የተጠሩ ባቡሮች ከጥቂቶቹ በቀር በመንግሥት ትእዛዝ ተቆራርጠው በኪሎ መሸጣቸውን ይናገራል። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ አብዮታዊ መጽሐፍ ልኬ አላውቅም።

2ኛ. ሁለተኛው ቅጽ የተወረሰው የድልድዮችና የዋሻዎች ካርታ ስላለበት ጠላት ሊጠቀምበት ይችላል ተብሎ ነው። ድልድዮቹ ያሉት ስኮትላንድ ውስጥ በመሆኑ የትኛው ጠላት እንደሆነ ባይገባኝም፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉና አልከራከርም። በተጨማሪም በገጽ 214 ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን የያዘው ባቡር በዳክዬ ስም መጠራቱ ምስጢራዊ መልእክት እንዳለው እንደሚያስጠረጥር ጽፈውልኛል። ጥርጣሬዎን አክብሬ፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አብረውኝ የሚያጸዱትን እንግሊዞች አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ ወፍ ስለምንወድ ነው ከማለት በቀር የነገሩኝ የለም። መቶ ሃያ ስድስት ማይል የሚለው ቁጥር ግን ያለው እዚያው ገጽ 214 ላይ፣ ከዳክዬዋ ስም ሥር ነው። አባቴ ከእንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነበው ቁጥሩን ነው፤ የሚፈልገውም ቁጥሩን ብቻ ነበር።

3ኛ. ሦስተኛው ቅጽ ሲወረስ ምክንያት አልተሰጠኝም። በምትኩ በመሥሪያ ቤትዎ ወረቀት ላይ ይህ ሰፍሯል፤ «ስለ ፍሬን የቀረበው ማብራሪያ በሁለተኛው ቅጽ ቃል ከተገባው አንሶ ተገኝቷል። ምርመራው የተሟላ ይሆን ዘንድ አራተኛው ቅጽ በአስቸኳይ እንዲላክ።» ይህን አውቶቡስ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያም ለመጽሐፍ ሻጯ አሮጊት ወስጄ ተረጎምኩላት። ባሏም በዚሁ የባቡር ፍቅር በሽታ ተይዞ እንደሞተ፣ ሰውየው ከእንግዲህ እንደማይድን ነገረችኝና ሰላምታዋን እንዳደርስልዎ አደራ አለችኝ። ይኸው አድርሻለሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን ሳላቀርብ አላልፍም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እርስዎ ግን ሲሾሙ ያነበቡ፣ ያውም ስለ ፍሬን ያነበቡ ሹም በመሆንዎ፣ ቢሻሩም የሚቆጭዎት ነገር አይኖርም።

4ኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ይሁን በማን ላይ ለይቼ አላውቅም። የእርስዎ ደብዳቤ በደረሰኝ ሳምንት እኅቴ ትበርህ ከአስመራ ጻፈችልኝ። የአባቴ ሁለቱም ዓይኖች ጠፍተዋል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ተስፋ የለውም ብሏል። አባቴ ታዲያ ስለ ዓይኑ ብዙም አልተናገረም፤ የጠየቃት መጽሐፉ ደርሶ እንደሆነ ነው። ሆብስ እንዳልዋሸ የጻፍኩለትን ደብዳቤ ስታነብለት ፈገግ ብሎ፣ «ልጄ እኔን ደስ ለማሰኘት ነው» አለ። እሷ መጽሐፉን ሳታየው ከነፎቶግራፉ አይቻለሁ ብትለውም አያምናትም፤ እሷም ልጁ ናት። ጓድ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። በጣም አዝኛለሁ፤ ተናድጃለሁም። አንድ ሽማግሌ ጓደኛው ውሸታም ይሁን አይሁን ሳያውቅ፣ በጨለማ ተቀምጦ እንዲቀር ያደረገው አንድ ማኅተም ነው።

ስለዚህ መጻሕፍቱ ይመለሱልኝ አልልም፤ አሁን ቢመለሱም የሚያያቸው የለም። የምለምነው ሌላ ነው። በዚያ አገር ውስጥ ገጽ 214ን በዓይኑ ያየ፣ ለአባቴም ዘመዱ ያልሆነ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም እርስዎ ነዎት። እባክዎ ለሥራ ጉዳይ ብለው አስመራ ይሂዱና አጠገቡ ቁጭ ብለው ይንገሩት። ስለ ከሰሉ፣ ስለ ውሃ ማፍያው፣ ስለ ፍሬኑም ማጥበቁ አይቀርም፤ እንደሚመልሱለት ግን አልጠራጠርም። ባቡሩ ከቆመና ሐዲዱ ለምሽግ ከተነቀለ ወዲህ ስለ ባቡር የሚያጫውተው ሰው ስለሌለ ቶሎ አይለቅዎትም። የመንግሥት ሰው ሲናገር ደግሞ አባቴ ውሸት ነው ብሎ አያውቅም፤ ማን ብሎ ያውቃል? ስምዎንም አይጠይቅዎትም፤ ልጄ ብሎ ነው የሚጠራዎት።

መልካም ንባብ እየተመኘሁ፣ ሦስት መጽሐፍ ገዝቶ እርስዎን ለማስተማር ዕድል ባገኘ ሰው ትሕትና፣

የማነ
(የአባቴን ስምና አድራሻ እዚህ ማተም አላስፈለገኝም፤ ከወረሱት እሽግ ላይ ያገኙታል።)

ማሳሰቢያ፦ አራተኛው ቅጽ ታሽጎ፣ አድራሻዎ ተጽፎበት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የፍሬኑ ነገር ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው፤ አርባ ገጽ፣ ከነሥዕሉ። ትበርህ «አንድ የማናውቀው ሰው መጥቶ ነገረው፤ አባባም ሆብስን ይቅርታ ጠየቀ» ብላ በጻፈችልኝ ማግስት ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። አባቴ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። እሱ ካለፈ ግን ለእርስዎ የምልክበት ምክንያት አይኖረኝም፤ ባቡሩ እንዴት እንደሚቆም ሳያውቁ ይቀራሉ።