ለአባዬ ያልነገርኳቸው ንፋስ

ረቡዕ

አባዬ ሽማግሌዎቹን በቀጠሮ መለሷቸው! ዮናስ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከጫጫ ድረስ ልኮ፣ እነሱም በዚህ ብርድ አንኮበር ወጥተው፣ ቆመው ለምነው፣ መልሱ «እሁድ ተመለሱ» ሆነ። ሌላ አባት የልጁን ዘርና ሀብት ያጣራል። የኔው ቄስ አባት ግን ለእማዬ ያሏት፣ «ልጄ ምን እንደምትሠራ እንኳ በቅጡ አላውቅም። የማላውቃትን ልጅ እንዴት አድርጌ ለሰው እሰጣለሁ?» ነው።

በስልክ ስትነግረኝ ሳቅኩ። ስዘጋው ሆዴ ባባ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስረድቻቸው አላውቅም። ነገ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

አንኮበር ጎረቤላ፣ እነአባዬ ቤት ነኝ። አባዬ ከቅዳሴ ተመልሰው እህል እንደቀመሱ ጀመርኩ። የማጠናው ኤክስሬይ የሚያወጡ ጥንድ ኮከቦችን ነው አልኳቸው።

«ኤክስሬይ? ኮከብም ይታመማል እንዴ?»

ከሁለቱ አንደኛው ሞቶ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል፤ የሞተው በሕይወት ያለውን እየሳበ ይበላዋል፤ የተሳበው ጋዝ በጉድጓዱ ዙሪያ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ እየተሽከረከረ ይግላል፤ ኤክስሬዩ የሚወጣው ከዚያ ነው አልኩ። መብላታቸውን አቆሙ።

«መለያየት አይችሉም?»

«አይችሉም፣ አባዬ።»

«የሚበላውስ ይጠግባል?»

«አይጠግብም።»

«ገባኝ፣ ልጄ» አሉና በመስቀላቸው ባረኩኝ። እንዴት ደስ አለኝ! ለካ ማስተማር እችላለሁ።

ዓርብ

ጉድ ፈላ። እማዬ ጓሮ ጠርታኝ፣ «ዮናስ እጁን አንሥቶብሽ ያውቃል?» አለችኝ። ክው አልኩ። ዮናስ! ዝንብ እንኳ በቀስታ ነው የሚያባርረው።

አባዬ የኮከቦቹን ነገር ምሳሌ ነው ብለው ይዘውታል። በኛ ቤት ሴት ልጅ «አላገባም» ብላ ለአባቷ ፊት ለፊት አትናገርም፤ በሌላ ነገር አስመስላ ታወራለች። አክስቴ ጎተራ ስለሚጨርስ ነቀዝ ስታወራ ሰንብታ ነው ከአንዱ ባለጸጋ ያመለጠችው። እኔም «የሚበላኝ ባል መጣብኝ» ማለቴ ሆነ። እሁድ ሽማግሌዎቹን በባዶ ሊያሰናብቷቸው ነው።

አንቺ ንገሪልኝ ብዬ ለመንኳት። «እኔ ባስተባብል አያምኑኝም። ራስሽ ንገሪያቸው» አለች። ምን ብዬ?

ቅዳሜ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከታች የአሊዩ አምባ ቆላ በጭጋግ ተሸፍኗል። ድፍረት እስካገኝ ስለ ሥራዬ አወራሁ። ዋናውን ሳልነግርዎት ቀርቼ ነበር አልኩ። ጥናቴን የምጽፈው ስለ ንፋሱ ነው። ወደ ጉድጓዱ ከሚንደረደረው ጋዝ አንዳንዴ አብዛኛው አይገባም፤ የሚሽከረከረው የጋዝ ሰፌድ ራሱ ንፋስ አስነሥቶ መልሶ ይበትነዋል። በኤክስሬዩ ውስጥ የብረት አሻራ አለ፤ አሻራው በብርሃን ቀለማት ተርታ ወደ ሰማያዊው ፈቀቅ ካለ ንፋሱ ወደኛ እየመጣ ነው ማለት ነው። በአንዷ ጥንድ ላይ እኔ አግኝቼዋለሁ።

«የዚህስ ምሳሌው ምንድን ነው?» አሉ። ፊታቸው አልተፈታም።

«ምሳሌ የለውም፣ አባዬ። ኮከብ ነው። ዮናስን ግን... እወደዋለሁ።»

ይህን ቃል ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም፤ ስለ ማንም። ቀና ብለው አላዩኝም። ብቻ የጋቢያቸውን ጫፍ አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝና አብረን ወደ ቤት ሄድን። እሺ ይሁን እምቢ አላወቅኩም። ፈርቻለሁ።

እሁድ

መጡ። እኔና እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነን፤ እጄን ጨምድዳ ይዛኛለች። ትልቁ ሽማግሌ የዮናስን ዘር ማንዘር መቁጠር ሲጀምሩ አባዬ አቋረጧቸው።

«የዘሩ ነገር ይቅር። ልጄ እንደምትወደው በአፏ ነግራኛለች።»

«ለእርስዎ?» አሉ ሽማግሌው። «ሴት ልጅ ለአባቷ?»

«አዎ» አሉ አባዬ። «የኔዋ ትነግረኛለች።»

ለዮናስ ገና አልደወልኩም። መጀመሪያ ትንሽ ላልቅስ።