በመሃል የተቆረጠው የባሕር አንበሳ ቆዳ

ውድ ወንድሜ ኤቫሪስቶ፥

የእጅ ጽሑፌን ስታይ ደብዳቤውን ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ እንዳትወረውረው። ናፍቀኸኝ የጻፍኩ እንዳይመስልህ። የምጽፍልህ ቆዳው ስለተፈለገ ነው። አዎ፣ ያው ቆዳ። እማዬን በቀበርን ማግስት በበግ መሸለቻ መቀስ ለሁለት ቆርጠህ፣ «ትልቁን ለራስሽ አስቀርተሽ ትንሹን ሰጠሽኝ» ብለህ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸህ፣ ድርሻህን ጠቅልለህ ወደ ደቡብ የነጎድክበት። ራስህ ቆርጠህ ራስህ ተበደልኩ ያልከው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል።

አያታችን ሳቱርኒኖ በአደን ዘመናቸው የመንጋውን ንጉሥ፣ ያንን ግዙፍ የባሕር አንበሳ ኮርማ፣ በአንድ ዱላ እንደጣሉት እየነገሩ አሳደጉን። ቆዳው መሃል ላይ ከላይ እስከ ታች የሚሄደውን ጉብታ በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይኸውላችሁ የጀርባ አጥንቱ! ሞቶ እንኳ አልተኛም ብሎኝ» ይሉን ነበር። እዚያ ጉብታ ላይ ማን ይቀመጥ በሚል ስንቴ ተቧጨርን! ኮርማው ደግሞ በየዓመቱ ያድግ ነበር። እኔ ሳገባማ የቤተ ክርስቲያኑን ያህል ደርሶ ነበር።

አምና ብርዱ ሳይገባ ማይቴና የምትባል ዶክተር ከላ ፕላታ ከተማ መጣች። ገና ልጅ ናት፣ ነፋሳችን ሊወስዳት ምንም አልቀረው። ዛሬ ባሕሩ ዳር የሚወልዱት የባሕር አንበሶች ከዚያ ከአደኑ ዘመን እልቂት ከተረፉት የየትኞቹ ዘር እንደሆኑ ነው የምታጠናው። ከሕያዋኑ ጥፍር የምታህል ቆዳ ወስዳለች። ከሙታኑ ጋር ለማስተያየት ደግሞ «በየቤታችሁ ያለውን አሮጌ ቆዳ አምጡልኝ» አለችን። ምስኪን! በዚህ መንደር አያቱ የመጨረሻውን ትልቅ ኮርማ ያልገደለ ሰው እንደሌለ ማን ይንገራት? ቀበቶው፣ ቦት ጫማው፣ የኮርቻው ልባስ ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። እኔም ግማሼን ተሸክሜ ሄድኩ።

ውጤቱን በጥር ወር ይዛ መጣች። በዓሣ አጥማጆቹ ክበብ ተሰበሰብን፤ የማቴው ሻይ በቅሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

«የዶን ባውዲልዮ ቀበቶ» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና... የፈረስ ነው።»

«የምን ፈረስ ነው የምታወሪው!» አሉ ዶን ባውዲልዮ። «አባቴ ግማሽ ቀን ታግለው ነው የጣሉት!»

«እሳቸው ናቸው ከፈረስ የወደቁት!» አልኩ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌው ማቴውን እንደያዙ ዞረው አፈጠጡብኝ። «እስቲ የዚችንም ንገሪን ዶክተሬ፤ የሳቱርኒኖስ?»

«የእሷስ እውነተኛ የባሕር አንበሳ ነው» አለች ማይቴና። አንገቴን ቀና አደረግኩ። «ግን ሴት ናት።»

«ወይ ጉድ! አያትሽ ሴት ነው ደብድበው የመጡት በይኛ!»

«ማቴውን ይልቀቁት ዶን ባውዲልዮ፣ ማይክሮፎን አይደለም» አልኳቸው።

አመሻሹ ላይ ማይቴና ቤቴ መጣች። ሰው ፊት ያላለችው ነገር እንዳለ ገባኝ። ቆዳውን ገልብጣ አያታችን በባለቤታቸው ያሰፉትን ቀይ ገበር ላላ አደረገችና ጉብታውን አሳየችኝ። ኤቫሪስቶ፣ ስፌት ነው! የምን የጀርባ አጥንት! ሰውዬው ሁለት ቆዳ ገጣጥመው አንድ ኮርማ ሠርተዋል። ነፍሳቸውን ይማር እንጂ ሌላ ምን እላለሁ።

«መቀሱ ከስፌቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሄደው» አለች። «ስለዚህ ከወንድምሽ ወገን ቀጭን ቁራጭ አንቺ ጋ ቀርቷል። እሱንም መርምሬዋለሁ።»

ዳቦ እንኳ ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ አታውቅም፤ ለአንድ ጊዜ ጠቀምክ።

«እና እሱ ኮርማው ነው?» አልኳት፣ የቤታችን ክብር እንዲተርፍ ብዬ።

«ወንድስ ወንድ ነው» አለች ዓይኗን ከእኔ ሸሸት አድርጋ። «እነዚህ ሁለቱ እናትና ልጅ ናቸው።»

የትኛው እናት፣ የትኛው ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ትንሹ ያንተ ነው።

«የእናትየዋን የዘር ሐረግ ባሕሩ ዳር ካሉት ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም» አለች ቀጥላ። «ሴቶቹ ተወልደው ያደጉበት ዳርቻ ተመልሰው ነው የሚወልዱት። ከእሷ በኋላ ግን የተመለሰች የለችም።»

«ወንዶቹስ?»

«እነሱ ርቀው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ይመለሳሉ።»

«አውቃቸዋለሁ» አልኳት።

ማይቴና ከያዝከው ቆዳ ሰፋ ያለ ቁራጭ ትፈልጋለች፤ በፖስታም ይበቃኛል ብላለች። አይበቃም አልኳት። ዶክተሯ ሳትሄድ አንተው ይዘኸው ና። ዶን ባውዲልዮን አትፍራ፤ ያንተ ግማሽ ወንድ መሆኑ በሳይንስ ተረጋግጧል ብዬ አፋቸውን አስይዤልሃለሁ። ዕድሜውን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ያን ቀን አንድ ኮርማ የተካፈልን መስሎን ነበር። እናትን ከልጇ ነው የለያየናት፣ የራሳችንን እናት በቀበርን ማግስት። ከዚያ ምሽት ወዲህ ግማሼን መርገጥ ስላልቻልኩ አልጋዬ ላይ አንጥፌዋለሁ፤ እኔ ወንበር ላይ ነው የማድረው፣ ወገቤም አልቋል።

ወስፌና ጠንካራ ክር አዘጋጅቻለሁ። መስፋቱን ለእኔ ተወው፤ አንተ ጫፉን ያዝልኝ። ደግሞ መጀመሪያ ላይ ስለ ናፍቆት የጻፍኩትን ሰርዘው፤ ወረቀት ላለማባከን ብዬ ነው እንደገና ያልጻፍኩት።

እህትህ ደልሚራ፣
ጫፉን የሚይዝላት ያጣች