በርኖሱ እንደ ነጠላ በረረ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አሥራ ሁለቱንም የአኒሜሽን ትምህርት በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ፈጣኑ ልጅ አፉን ሳይከፍት የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን አውቃለሁ፤ የሚያስልበት ቦታ እንኳ አይጠፋኝም። ዛሬ ጠዋት ድምፁን አጥፍቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከተልኩት፣ አንድም ቦታ አልሳትኩ። ኳሷ ነጠረች፣ ሳጥኑ ዘለለ፣ ካባ የለበሰው ጎረምሳ ተራመደ። ልጅ ሆኜ ራቤል ሳለሁ ዳዊቱን በቃሌ ያስያዘኝ አባቴ ቢያየኝ ደስ ይለው ነበር።

ጥላሁን ለምሳ ሲመጣ አሳየሁት። ባለቤቴ እዚሁ መሐል ሜዳ የባዮሎጂ መምህር ነው። "ታዲያ ፈተናውን ዛሬውኑ ላኪላቸዋ" አለኝ። ለሱ እንዲህ ቀላል ነው።

ነገሩ ይኼ ነው። የምሠራለት የአዲስ አበባ ስቱዲዮ የልጆች ፊልሙን በአዲስ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ሊሠራ ወስኗል። በድሮው ሰውን እንደ ወረቀት ቆራርጠን፣ እጅና እግሩን እየገጣጠምን ነበር የምናንቀሳቅሰው። በአዲሱ ግን ሰውየው አጥንት አለው፣ ልብሱ ክብደት አለው፣ ነፋስ ይነፍሳል። አለቃዬ ሔለን ለሁላችንም አንድ ዓይነት የሙከራ ሥራ ሰጥታናለች። አንድ ሽማግሌ ከድንጋይ ላይ ይነሣሉ፣ በርኖሳቸውን ይሰበስባሉ፣ ነፋስ እየገፋቸው ዳገት ይወጣሉ። እስከ ሰኞ መድረስ አለበት። ያለፈ ካለበት ሆኖ ይሠራል። ያላለፈ አዲስ አበባ ቢሮ ገብቶ እየተማረ እዚያው ይሠራል። "ለምን ያህል ጊዜ?" ብላት "እስኪገባሽ ድረስ ነዋ" አለችኝ።

እኔና ጥላሁን ከተጋባን በኋላ ሁለት ዓመት ተለያይተን ኖረናል፣ እኔ አዲስ አበባ፣ እሱ እዚህ። የአውቶቡስ ትዳር ነበር። ሁለተኛ አልፈልገውም። ይኼን ለሔለን አልነገርኳትም። አዝና እንድታሳልፈኝ አልፈልግማ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የትናንቱን ጉራ ልሰርዘው ነበር። ይቅር፣ ይቀመጥ።

ጠዋት የፈተናውን ሽማግሌ ከፈትኩ። ፈጣኑ ልጅ ለካባው የሰጠውን የክብደትና የልስላሴ ቁጥር ሁሉ ከቃሌ እያወጣሁ ለበርኖሱ ሰጠሁት። ነፋሱን ለቀቅኩት። ሰውየው ገና ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ በርኖሱ ከትከሻቸው ተነሥቶ ተንሳፈፈና ራሳቸው ላይ ተጠመጠመ። ያ ወፍራም የበግ ጠጉር።

አባባ ወርቅነህ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። የጥላሁን አባት ናቸው፤ መሬታቸውን ለታላቅ ልጃቸው ለቀው ከዘመሮ ወደኛ የመጡት ከክረምት በፊት ነው። "ምነው፣ የሴትዮዋን ነጠላ ነፋስ ወሰደባት?" አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው።

"ሴት አይደለችም አባባ። ሽማግሌ ናቸው። የለበሱት በርኖስ ነው።"

"እህ" አሉና ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ። ከዚህ የከፋ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩን መነካካት ጀመርኩ። ክብደቱን ጨመርኩ፣ ቆርቆሮ ሆነ። ቀነስኩ፣ ጭስ ሆነ። ሌላ ቁልፍ ነካሁ፣ በርኖሱ በሽማግሌው ደረት ገብቶ በጀርባቸው ወጣ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ ሳልጠይቅ ነው ለካ አሥራ ሁለት ትምህርት የጨረስኩት። ዳዊት ስማር አባቴ "ንባቡን ያዢ፣ ትርጓሜው ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል" ይለኝ ነበር። ሶፍትዌሩንም እንደዚያው ደገምኩት። ፈጣኑ ልጅ በሄደበት እሄዳለሁ፤ ከሱ መንገድ አንድ እርምጃ ስወጣ ግን ገደል ነው። ለዳዊቱ ዕድሜዬ ሙሉ አለኝ። ለዚህ ያለኝ እስከ ሰኞ ነው።

ተናደድኩ። የእራቱን ሽሮ አሳረርኩት። ጥላሁን አሟጦ በላው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

መብራት ጠፍቶ ዋለ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል፣ እንዲሁ መቀመጥ አልቻልኩም። እንግዲያው አስተማሪ ልቀይር አልኩና ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ያየኋቸው፦

አንዱ፣ ራሱን አስተዋውቆ ሳይጨርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

አንዱ፣ ሙዚቃው ከድምፁ ይበልጣል። ጭፈራ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

አንዷ፣ ጥሩ አስተማሪ ናት፣ የምታሳየው ቁልፍ ግን እኔ ጋ የለም። የሶፍትዌሩን የድሮ ቅጂ ነው የምታስተምረው።

አንዱ በየመሐሉ "በጣም ቀላል ነው" ይላል። ቀላል ቢሆን እሱ ጋ ምን አመጣኝ?

ከዚያ ሴትዮዋን አገኘኋት። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው፣ ግን ረጋ ብላ። ትምህርቷን የጀመረችው በተበላሸ ሥራ ነው። ብርድ ልብስ የደረበ ልጅ ይራመዳል፣ ብርድ ልብሱ ልክ እንደኔ በርኖስ ይበራል። "ይኼ ለምን ተበላሸ?" አለችና ዝም አለች።

ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ለካ እየጠበቀችኝ ነው።

"ክብደቱ አንሶ" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቆሜ።

"አብዛኞቻችሁ ክብደቱ አንሶ ነው ብላችኋል" አለች። "አይደለም። ጨርቁን አታስቡት። ልጁን እዩት። ምንም እንዳልለበሰ ሰው ነው የሚራመደው።"

ተቀመጥኩ። እውነቷን ነው። ፈጣኑ ልጅ የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን እንጂ ምን እንደማይ አንድ ቀንም አልነገረኝም። ሴትዮዋ በመጨረሻ ላይ "አሁን እኔን ዝጉኝ። የኔን ቁጥር እንዳትገለብጡ፣ የናንተ ጨርቅ የኔ ጨርቅ አይደለም" ትላለች። ቀጣዮቹን ሁለት ትምህርቶች ጥራታቸውን ቀንሼ አወረድኳቸው።

መብራቱ አልመጣም፣ ግን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ምን እንዳላወቅኩ ማወቅም አንድ ነገር ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ልብሱን ልበሱት ትላለች ሴትዮዋ፤ ካልሆነም የለበሰ ሰው ቅረጹ። በርኖስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻኝም። መንዝ ተቀምጬ፣ የአባባ በርኖስ ሳሎናችን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በኮምፒውተር በርኖስ ስፈልግ መክረሜ ያሳፍራል።

አባባን ለመንኳቸው፤ ደስ ብሏቸው እሺ አሉ። ስልኩን ሳነሣ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ደረታቸውን ነፍተው፣ አገጫቸውን ሰቅለው፣ ግቢውን እንደ ሰልፈኛ ወታደር አቋረጡት።

"እንደወትሮዎ ይሂዱ አባባ።"

"ወትሮም እንዲህ ነው የምሄደው" አሉኝ።

ደጋገምን። መጨረሻ ላይ ጭራሽ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። አመስግኜ በርኖሱን ተዋስኳቸው።

ከሰዓት ነፋሱ ሲነሣ ራሴ ለበስኩት፤ ጥላሁን ቀረጸኝ። ያንን ክብደት እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከተቀመጥኩበት ስነሣ እኔ ቀደምኩ፣ በርኖሱ ቆየት ብሎ ተከተለኝ። ወደ ነፋሱ ስዞር አልበረረም፤ ደረቴን እንደ ሰው እጅ ገፋኝ። አንገቴ ሳላዝዘው ቀለሰ፣ እርምጃዬ አጠረ፣ እጄ ሳላስበው ጫፉን ደረቴ ላይ ጨበጠ። ሽማግሌዎች ለምን እንደዚያ እንደሚሄዱ እስከ ዛሬ እርጅና ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካ ግማሹ በርኖሱ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ በአጥሩ በኩል አዩኝ። "ጥላሁን፣ አባወራነቱን ለሷ አስረከብክ እንዴ?" አሉት።

"ከተጋባን ጀምሮ" አላቸው፣ ስልኩን ከፊቱ ሳያወርድ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቁስቋም ነው። አባባ በርኖሳቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄዱ። ጥላሁን ገበያ ወጣ። መብራት አለ። ቤቱ የኔ ነው።

መጀመሪያ በርኖሱን አወለቅኩት። ይቅርታቸውን ይስጡኝና ሽማግሌውን ያለ ልብስ ነው ያስኬድኳቸው፣ ግን እንደለበሰ ሰው። አንገት ቀለስ፣ እርምጃ አጠር፣ እጅ ደረት ላይ። የትናንቱን ቪዲዮ እያቆምኩ የራሴን ትከሻ አየሁ፣ ክብደቱ የት ላይ እንደሚያርፍ ፈለግኩ። በርኖሱን መልሼ ሳለብሳቸው ቁጥሩን ከማንም አልወሰድኩም። አንዱን ብቻ ለወጥኩ፣ ምን እንደሆነ አየሁ፣ ሌላውን ለወጥኩ። ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ አውቃለሁ። ሳውቅ ደግሞ አልናደድም።

እኩለ ቀን ላይ ተቀመጠ። በርኖሱ ማለቴ ነው። ሰውየው ሲቆሙ እሱም ቆመ፣ ጫፉ ብቻ ትንሽ ተወዛወዘ።

ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ማንም ስላልነበረ ደግሜ አጨበጨብኩ።

የቀረኝ፦ ግራ እግር ድንጋዩን ረግጦ ይንሸራተታል። ከድንጋዩ ሲነሡ ወገባቸው ቶሎ ይቃናል፣ የጎረምሳ ወገብ ነው። ነፋሱ ያለማቋረጥ ነው የሚነፍሰው፣ የኛ ነፋስ ግን እያረፈ ነው የሚመታው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ወገቡም እግሩም ተስተካከሉ። ነፋሱን እያረፈ እንዲመታ አደረግኩት፤ ሲመታቸው ይቆማሉ፣ ሲያርፍላቸው ይቀጥላሉ።

ከምሳ በኋላ አባባን ጠራኋቸው። ፈራሁ። ለሔለን ከምልከው ይልቅ ለሳቸው ማሳየቱ አስፈራኝ። ወንበር አቀረብኩላቸውና ከፈትኩት። አዩት። "እስቲ ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት። በርኖስ ይሉ ይሆን ብዬ አፍ አፋቸውን አያለሁ። ስለ በርኖሱ ምንም አልተናገሩም።

"እኚህ ሰው በዚህ ነፋስ ወዴት ነው የሚወጡት?" አሉ።

"አላውቅም አባባ። አልነገሩኝም።"

"ማደር ነበረባቸው" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። "ሰው አላቸው እንዴ እዚያ ማዶ?"

ምጣዱን ልየው አልኩና ወጥ ቤት ገባሁ፣ የጣድኩት ምጣድ ግን የለም። ትንሽ አለቀስኩ። ከዚህ በኋላ ብወድቅም፣ ይኼንን ሰው እንደሠራሁ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ተላከ። ኔትወርኩ ሁለቴ ጥሎኝ፣ በሦስተኛው ገባ። ሔለን "ደርሶኛል" ብላ ጻፈች። ሌላ ቃል የለም።

ምሽቱን ጥላሁን የተማሪዎቹን ፈተና አረመ፣ እኔ እሱን ሳይ አመሸሁ። ስለ አዲስ አበባ አልተነጋገርንም። ግን "ብትሄጂም በየሳምንቱ እመጣለሁ" አለኝ ቀና ሳይል። አልሄድም አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፣ ሆዴ ግን ያን ያህል አልተማመነም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዮናስ ደወለ። እንደኔ ከቤቱ የሚሠራ፣ ደብረ ብርሃን ያለ ባልደረባዬ ነው። ሔለን ጠዋት ደውላለት ነበር። ቤተሰቡን ጠየቀችው፣ ጤናውን ጠየቀችው፣ ጥረቱን አደነቀችለት፣ ከዚያ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቢሮ እንደሚጠብቁት ነገረችው። "እንዲህ ደግ ሆና አታውቅም" አለኝ። "ያኔ ነው የገባኝ።"

አሳዘነኝ። የሴትዮዋን ትምህርት ላኩለት፤ ቢሮም ገብቶ ይጠቅመዋል። ቀድሜ አለመላኬ ቆጨኝ።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሸሸሁት። አንዴ ጮኸ፤ እትዬ በላይነሽ ናቸው፣ ወንፊት ፈልገው። ሔለን ደግ ሆና እንዳትደውልልኝ ነው ቀኑን ሙሉ የጸለይኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አልደወለችም። ጻፈች።

ሰላምታ የለውም። ጤናሽ እንዴት ነው የለም። በቀጥታ፦ የግራ እጅ ጣቶች ደርቀዋል፣ አፍታቻቸው። ድንጋዩ ላይ ጥላ የለም። ሁለተኛው የነፋስ ምት ዘግይቷል። የፊት ገጽታ ሥራ ይፈልጋል፣ ዓይናቸው ባዶ ነው። በርኖሱ ትከሻው ላይ አንድ ቦታ ሰውነታቸው ውስጥ ይገባል፣ እንዴት አላየሽውም? እያለ ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻው ላይ፦ "አረማመዱን እንዳትነኪው። እስከ ዓርብ አስተካክለሽ መልሺልኝ፣ ቀጣዩን ክፍል ከዚህ ጋር ነው የምሰጥሽ።"

ጥላሁን ገና ከበር ሲገባ "እርማት ተላከልኝ፣ ረጅም እርማት" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገቤ ተቀመጠ። ሊያጽናናኝ ቃል ሲፈልግ እኔ ሳቄ አላናግር አለኝ፤ እሱ ይኼን ሲያይ ይበልጥ ደነገጠ። እስክረጋጋ አባባ ከመደባቸው ሆነው መለሱለት።

"ምን ያስደነግጥሃል? ሰው የሚቆጣው የራሱን ልጅ ነው። እንግዳማ በምርቃት ነው የሚሸኘው።"

ጥላሁን ወደኔ ዞረ። "እዚሁ ነሽ ማለት ነው?"

"እዚሁ ነኝ።"

ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውንም አወለቀ፣ እንደማይወጣ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተደገፈ። እኔም ላፕቶፑን ወደ ጭኔ ሳብኩና በግራ እጅ ጣቶች ጀመርኩ።