የአያት ስም ለሚጠይቀው ካርድ አዘጋጆች

መቱ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ የአዲሱ የሕሙማን ካርድ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ፤ ምናልባት ከታመማችሁም በስማችሁ ሁለት ካርድ እንዳይኖር እጸልያለሁ። እኔ በመቱ ከተማ ከወንዙ ማዶ የምኖር፣ ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመት የሆነኝ፣ ሽብሬ አብደታ የምባል ሴት ነኝ። የተማርሁት በማታ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አጻጻፌ ዝግ ያለ ነው፤ ይህን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ወስዶብኛል። ቤት ውስጥ የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ ግን ጊዜ አላጠረኝም። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክሁልዎ ሁለት ደብዳቤዎች ከሥራዎ ብዛት የተነሣ መልስ ስላላገኙ፣ ይህኛው በመቱና በጎሬ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ፤ ሌላ ሰው አንብቦ ቢነግርዎ የማንበቡ ድካም ይቀርልዎታል ብዬ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከአዲስ አበባ ድረስ ስለ መጡልን አመሰግናለሁ። በጥር መንገዱ ደረቅ ስለሆነ ጫማዎ አልቆሸሸም። በክሊኒካችን ከኃላፊው፣ ከጸሐፊውና ከዕቃ ቤት ሠራተኛው ጋር ሁለት ቀን ሙሉ መክረዋል። ለአሥራ አንድ ዓመት ሕሙማንን ስትመዘግብ የኖረችውን ነርስ ሲስተር ጥሩአየሁንም አልረሷትም፤ ወንበር እንድታመጣ አዘዋታል። ጥያቄ አለኝ ብትልዎ «ሲስተር፣ አንቺ መርፌሽን ያዢ፣ መዝገቡን ለእኛ ተይው» ማለትዎን ወረፋ ላይ የነበርን ሴቶች በመስኮቱ ሰምተናል። ጎረቤቴ ኡርጌ «እንግዲያው እሳቸው ሲታመሙ መዝገቡ ይውጋቸው» ብላ አስቃን ነበር። ያን ቀን እኔም ስቄአለሁ።

ሁለተኛ፤ የሲስተርን አሮጌ ደብተር አስቀርተው በካርድ ስለ ተኩልን አመሰግናለሁ። ደብተሩ እንደ እርስዎ ካርድ ያማረ አልነበረም። ልጆቹን የምትጽፈው በእናታቸው ስም ነበር፤ «የሽብሬ ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከዋርካው አጠገብ» እያለች። ልጅ አዝላ የምትመጣው እናት ናት፤ እናት ደግሞ የራሷን ስም ለመናገር አትቸገርም። ልጄ ጃለኔ አራት ዓመቷ ሳለ ፔኒሲሊን ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሿ ሊቆም እንደ ነበር በዚያ ደብተር ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። ደብተሩ ሲቀር ሲስተር ይህንኑ በአዲሱ ካርድ ላይ በቀይ ገለበጠችው፤ የልጅቷን አያት ስምም ከጎረቤት ጠይቃ ሞላች። እኔንም «እትዬ ሽብሬ፣ ካርዱ ላይ ስላለ አይስጉ» አለችኝ። አልሰጋሁም።

ሦስተኛ፤ ካርዱ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ስለሚጠይቀን አመሰግናለሁ። የእናት ስምና የሰፈር መስመር የለውም። በእኛ አገር ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፤ ለጉ እንለዋለን። ሰውየው ከሞቱም በኋላ ያው ነው። የሲስተር ጥሩአየሁ ቤተ ሰብ ከሰሜን የመጣ ቢሆንም ይህን ታውቃለች። ለመጠየቅ ፈቃድዎ ቢሆን ኖሮ፣ ወንበሩን እያስቀመጠች በአንድ ቃል በነገረችዎ ነበር።

በዚህ ዓመት መስከረም ጃለኔ ዘጠኝ ዓመቷን እንደ ያዘች በሳንባ ምች ታመመችብኝ። የካርዷ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በዝናብ ርሳ ተበላሽታለች። ሲስተር ያን ቀን ለክትባት ሥራ ኡካ ሄዳ ነበር። በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ «ጃለኔ ነገራ የሚባሉ ሦስት አሉ፤ የአያት ስም?» አለኝ። ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ። «እትዬ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ሰው ቆሟል» አለኝ። ከቆሙት መካከል የአማቼ ዘመዶች ነበሩ። አማቼ በሰፈር የሚጠሩበትን የፈረስ ስም፣ አባ ቦራ፣ ብዬ ሰጠሁት። በካርዶቹ ሣጥን ውስጥ በዚህ ስም የተጻፈ ስላልነበረ አዲስ ነጭ ካርድ አወጣልኝ።

መርፌ የሚወጋውን ድሬሰር «ያን ጊዜ ያሳበጣት መርፌ እንዳይሆን» አልሁት። ካርዱን አገላብጦ አየና «እዚህ ላይ የለም እኮ፣ እትዬ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም። ቀዩ ጽሑፍ ከቆምንበት አምስት እርምጃ በማይርቅ ሣጥን ውስጥ ነበር። ጃለኔ ከተወጋች በኋላ ሩብ ሰዓት አልቆየችም። እጇ በእጄ ውስጥ ነበር።

አራተኛ፤ የሞት ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የሳንባ ምች» ተብሎ ስለ ተጻፈ አመሰግናለሁ። መርፌው የሚጻፍበት መስመር አልተሠራለትም።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አላልሁም። ስሙን መጥራት ነበረብኝ። ኩመራ። ይኸው ጻፍሁት። እሳቸው ራሳቸው በሕይወት ቢኖሩ «ጥሪው ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» ባሉኝ ነበር። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ቤቱ ይሰፋብኛል። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች እየተንጫጩ ሲያልፉ በሩን ገጠም አደርገዋለሁ፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ ለምን ገጠምሁት እላለሁ።

አሁን፣ ካርዶችን በቀዳዳቸው እየለየ የሚያወጣ መኪና ከውጭ አገር ሊመጣልዎ እንደ ሆነ፣ ለእሱም የሚስማማ ሌላ ካርድ እየተሰናዳ እንደ ሆነ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎ። መኪናው ፈጣን ነው ይላሉ፤ ያልጠየቃችሁትን ነገር ግን እሱም አያውቀውም። ስለዚህ አዲሱ ካርድ ከመታተሙ በፊት ሲስተር ጥሩአየሁንና የጎሬን፣ የያዮን ነርሶች ከፊትዎ አስቀምጠው እናቶች በመስኮቱ ላይ ምን እንደሚሉ፣ የትኛው ቃል እንደሚከብዳቸው እንዲጠይቋቸው በትሕትና እለምናለሁ። የመቀመጫ ችግር ካለ እኔ ሁለት ወንበር አለኝ፤ የምቀመጠው በአንዱ ነው።

ውድ ጊዜዎን በአንዲት ልጅ ነገር ስለ ያዝሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ካርዱ ንጣት ወሮታዎን ለመመለስ አቅም የሌለኝ፣ ዕድሜና ጤና ከነማስረጃው እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ሽብሬ አብደታ
የጃለኔ ነገራ ኩመራ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን ላስለጥፍ ስወጣ የክሊኒኩ ዘበኛ ኩማ አንድ ወረቀት አመጣልኝና ፊቴን ሳያይ ሰጥቶኝ ሄደ። ጃለኔ ነገራ ኩመራ ለክትባት ቀጠሮዋ ስላልቀረበች በአስቸኳይ ትምጣ ይላል። የሞተችው በሁለተኛው ካርድ ስለሆነ በፊተኛው እስከ ዛሬ በሕይወት አለች ማለት ነው። የት እንዳለች ሣጥንዎ የሚያውቅ ከሆነ እባክዎ ይጻፉልኝ፤ ዝናቡን ሳልፈራ ሄጄ አመጣታለሁ።