የእናቴ ለቅሶ ጭፈራ አይደለም

እንግዶችን ወደ ራያ ቆላ ይዞ ለሚመጣው አስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይም ወላጅ እናትዎ በሕይወት ካሉ ዕድሜና ጤና እንዲሰጣቸው ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ሙሀመድሰይድ እባላለሁ፤ ቆቦ ከተማ መምህር ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ታናሽ ወንድሜን ታሂርን፣ ሮቢት አጠገብ ያለውን ማሽላችንን ለማጠጣት ጎርፍ ወደ ማሳው ሲመልስ ውኃው ወሰደው። አላህ ይዘንለት። ይህን የምጽፈው በቀብሩ ዕለት ስለላኩልን እንግዶች ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ እንግዶችዎ ጨዋነት። ሚኒባሱ ደጃችን ሲቆም አስጎብኚው ዮናስ «ለቅሶ ላይ ናቸው፣ እንለፍ» ማለቱን ጎረቤቶቻችን ሰምተዋል፤ ለዚህ ጥፋቱ እንደማይቀጡት ተስፋ አለኝ። እንግዶቹ ግን ሊያልፉን አልፈለጉም። እናቴ ሲቲ የልጇ ወዳጆች መስለዋት «ልጆቼ፣ ከየት ድረስ መጣችሁልኝ?» ብላ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ተቀበለቻቸው፤ ምንጣፍም አስነጠፈችላቸው። እነሱ ስልካቸውን አወጡ። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ እናቴ ደረቷን እየመታች ጮኸች። አንዲት ቢጫ ኮፍያ ያደረገች ወጣት ስልኳ ሳይቀዳላት ቀርቶ ኖሮ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አለቻት። እናቴ ደገመችው፤ ለእንግዳዋ ብላ ግን አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ባህላችንን ለማስተዋወቅ ስለደከማችሁት ድካም። ቪዲዮው የሠርግ ዘፈን ገብቶበት፣ ከሥሩም «ደማቁ የራያ ጭፈራ» ተብሎ ተጽፎበት በድርጅትዎ ገጽ ላይ ወጣ። ለቅሶን ከጭፈራ ለመለየት እንኳ ጊዜ ሳታባክኑ በዚህ ፍጥነት ስላቀረባችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እናቴ ያየችው ቆቦ ገበያ ውስጥ፣ ነገሩን ያላወቀ አንድ ነጋዴ «እትዬ ሲቲ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ!» ብሎ እየሳቀ ስልኩን ሲያሳያት ነው።

ሦስተኛ፣ ቪዲዮው ከገጹ እንዲነሣ ደጋግሜ ስደውል ያነጋገረችኝ ትሑት ሠራተኛችሁ «ግን እኮ ሰው በጣም ወዶታል» ብላ ስላጽናናችኝ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሰው ወዳለበት አትወጣም። በእኛ ሐዘን ጎንበስ ቀና ስትል የከረመችው የጎረቤታችን የበላይነሽ ባል ሲሞት፣ እናቴ ልብሷን ቀይራ እስከ በራችን ድረስ ሄዳ «እዚያም ስልክ አይጠፋም» ብላ ተመለሰች። በላይነሽ አሁን ስታገኘን ፊቷን ታዞራለች። ምን ብዬ እንደማስረዳት አላውቅም። እናቴን እንዴት ከቤት እንደማወጣትም አላውቅም። ክቡርነትዎ፣ ጨዋታውን ልተወውና እግርዎ ሥር ወድቄ ልለምንዎ፤ እባክዎን ቪዲዮውን ከገጻችሁ አንሡልን።

እንግዶችዎ አይምጡ አልልም፤ ይምጡ። ብቻ ስልክ ከማውጣታቸው በፊት «ይቻላል?» ብለው ቢጠይቁ፣ አይቻልም ሲባሉም ቢመልሱት፣ ሐዘን ላይ ከደረሱ ደግሞ ቁጭ ብለው «አላህ ያጥናችሁ» ቢሉ፣ ለዚህች ያህል በጉዞ መርሐ ግብራችሁ ላይ ቦታ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

ሐዘኑ ለእንግዶችዎ የመዝናኛ ፕሮግራም መሆኑ አስቀድሞ ያልተነገረው፣
ዛሬም በታላቅ አክብሮት ደጅ የሚጠናዎ፣
ሙሀመድሰይድ፣ ከቆቦ

ማስታወሻ፦ ቪዲዮውን ከማጥፋትዎ በፊት ዘፈኑን አውጥታችሁ አንድ ቅጂ ላኩልን። ራሷን ጭምር ከቀረጸችው እንግዳዎ ፈገግታ ጀርባ ወንድሜ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲያልፍ ይታያል፤ እናቴ እሱን ማየት ትፈልጋለች። በዚያ ቀን ከእኛ ወገን ፎቶ ማንሣት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እያለቀስን ነበር።